ሦስት ሥር እንሶስላ

ሱሉልታ መውጫ ላይ፣ መንገዱ ሲሰፋ፣
የጅረቱን ዳገት ሎደሩ ሲገፋ፣
እኔ ጥበቃ ነኝ፣ ጉደታ ኦፕሬተር፤
አንድ ነጭ ነገር አየሁ ከብረት ጥርስ ሲቀር።
በፉጨት አስቆምኩት። ሞተሩን አጥፍቶ፣
«ሰው አለ እንዴ?» አለኝ፣ አንገቱን አውጥቶ።
«ሰው የለም፤ አበባ።» ጉደታ ሳቀ፣ ሳቀ፤
ግን ያችን ሲጋራ እስኪጨርስ ጠበቀ።

በሲጋራ ዕድሜ ውስጥ፣ በእጄ ጭሬ ጭሬ፣
ሦስት ሥር አወጣሁ፣ ከምሳ ዕቃ ጨምሬ።
አበባዋ ሳስቶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣
ጉሮሮዋ መሐል ቀይ ጭረት እንደ ጽሑፍ፤
ሥሯ ሲቆረጥ ደም፤ ጣቴን አቅልሞት፣
ሰፈሩ ጠየቀኝ፣ በግ ያረድኩ መስሎት።

አንዷን ከባሕር ዛፍ፣ ከአጥሩ ጥግ ተከልኳት፤
እሱ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠብታ አላስቀረላት።
ሁለተኛዋን ደግሞ ፍልፈል ከታች መጥቶ፣
ቅጠሏን ሳይነካ ሥሯን ጨርሶ በልቶ፣
ስነካት ተነሣች፣ ክዳን እየመሰለች፤
ከሦስቱ ሥር እንግዲህ አንዷ ናት ያለች።

ለእሷ ከወይራው ግርጌ፣ ፀሐይ ከማይደፍር፣
የበሰበሰ ቅጠል፣ የእንጦጦ ጥቁር አፈር
በጆንያ አመጣሁ፣ በትከሻ፣ በእግሬ።
ጎረቤቴ ደጀኔ ብቅ ብሎ ባጥሬ
«ድንች ነው?» ይለኛል። «አይደለም» እለዋለሁ።
«ይበላል?» «አይበላም።» «ታዲያ?» «እጠብቃለሁ።»

በኅዳር ጠወለገች፣ በታኅሣሥ ጠፋች፤
አፈሩ ብቻ ቀረ። ብሌን ልጄ ሳቀች፦
«አባዬ፣ ሥራህ ነው፣ ባዶ ቦታ መጠበቅ።»
እኔም ሳቅሁ፤ ግን ማታ ወጣሁ ሳልታወቅ፣
ድንጋይ ደረደርኩኝ፣ እግር እንዳያገኛት።
ሰኔ ገባ፣ ዘነበ። ወጣች፤ አላበበች።
ሁለተኛው ሰኔ። ወጣች፤ አላበበች።

በሦስተኛው ነሐሴ፣ ማታ ለፈረቃ
ስወጣ፣ አንድ መዓዛ ከወይራው ሥር ነቃ።
ባትሪ አበራሁባት፦ አምስት ነጭ አበባ፣
ከፍልፈል፣ ከበጋ አምልጦ የገባ።
አንድ ትልቅ የእሳት ራት ምላሱን ዘርግቶ፣
አየር ላይ ቆሞ ጠጣ፣ መብራቴንም ረስቶ።
ያን ማታ ዘገየሁ፤ የአንድ ቀን ተቀጣሁ፤
ለምን ቢሉኝ አለቆች፣ «ታክሲ» ብዬ ዋሸሁ።

ብሌን ለጥቅምት ናት ሠርጓ። ከፍቼ የመጣች
እህቴ አሰገደች ጓሮ ስትዞር አየች፤
«እንሶስላ!» ብላ እጇን አጨበጨበች።
«ሂናው የሱቅ ነው፤ የኛ ቀለም ይሄ ነው፤
ሥሯን ቀጥቅጠን ነው ሙሽራ የምናስጌጠው።»
ዝም አልኩ። ዶማው እዚያው፣ ግድግዳ ተደግፏል።
ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ለእህቱ ምን ይላል?

«ሌላ ቀለም የለም?» አልኳት። ሰምታም አልሰማች፤
ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረች።
ለካ ያች አንዲት ሥር ወልዳ ተዋልዳ፣
ስድስት ሆና ተኝታለች፣ እንደ እህል በጓዳ።
ትልልቁን አነሣች፤ ግን ከያንዳንዱ አናት
ዓይን ያለውን ቆርሳ ለአፈር መለሰችላት።
«ዓይኗን የቀጠቀጠ ከርሞ ምን ይቀባል?»
አለችኝ፣ እኔን ሳታይ፤ እጇ ደም መስሏል።
ሦስት ዓመት ጠብቄ ይህን አላወቅሁም፤
አበባ ስጠብቅ፣ ዓይን አልፈለግሁም።

ጉደታ ሠርጉ ላይ ነበር፣ በሱፍ፣ ተላጭቶ፤
የብሌንን መዳፍ አየና፣ እጄን ጎትቶ፣
«ያቺ ናት?» «ያቺ ናት።» ለመሄድ ሲነሣ፣
አንዲት ዓይን በፌስታል ሰጠሁት፤ «ጥላ፣ አትርሳ!»

አሁን ግንቦት ነው። ከወይራው ሥር ምንም የለም።
ሎደሩ ከጅረቱ ማዶ ዛሬም አላቆመም።
ደጀኔ በአጥሩ ላይ «በቀለች?» ይለኛል።
«ገና ናት።»
«ታዲያ?» ማለቱን ትቷል፤
የጠረገውን ቅጠል በአጥር ይወረውርልኛል።